የረቡዕና የዓርብ ማቅለሽለሽ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ዛሬ አላቅለሸለሸኝም፤ ተመስገን።

ሐኪሙ ለደም ማነሴ ክኒን ካዘዘልኝ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ ወደ ላይ ሲለኝ ነበር የምውለው። ባለፈው ዓርብ ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ አሠሪዬ ማዳም ሆዴን ሆዴን እያየች «አርግዘሻል እንዴ?» አለችኝ። እዚህ ሳዑዲ፣ ደማም ከተማ፣ እንዲህ ተጠርጥራ በሳምንቱ አገሯ የተላከች ልጅ አውቃለሁ። «ወላሂ አላረገዝኩም!» ብዬ ማልኩላት፣ እኔ ክርስቲያኗ። ከዚያ ቢጨንቀኝ እውነቱን አወጣሁት። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ክኒኑን ግን ጠዋት በባዶ ሆዴ እውጣለሁ። ትከለክለኛለች ብዬ ጾሜን አራት ዓመት ደብቄያት ነበር።

ሳቀች። «እኔ በረመዳን መድኃኒቴን የምውጠው ካፈጠርኩ በኋላ ነው። አንቺን ማን እንዲህ አስተማረሽ?» አለችኝ።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልብስ እየተኮስኩ ሳለሁ ራሷ ሩዝ በምስር ይዛልኝ መጣች፤ ክኒኑም ከሳህኑ አጠገብ አለ። «ማፊ ለሐም» አለችኝ፣ ሥጋ የለበትም ስትል፣ ደስ ብሏት። ቅቤው ግን ገና ከበር ሸተተኝ።

አጠገቤ ቆማ እያየችኝ ሳህኑን ጠረግሁት። ለንስሐ አባቴ ምን ብዬ እንደምነግራቸው እንጃ። ጣፍጦኝ ነበር ልበላቸው?