የጅራፍ መዝገብ

ነሐሴ 4 ቀን 1975

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ እቤት። ወደ አሥር ሰዓት ቀበሌ ተጠራሁ። የወጣት ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ አንዳርጋቸው ለቡሄ በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች መርጧል። እኔም አለሁበት። ፈቃዴን ግን የጠየቀኝ የለም... ሥራው ልጆች ሆያ ሆዬ ሲሉ በጅራፍ እንዳይጎዱ፣ ሙልሙል በነፈጋቸው ሰው ጣሪያ ላይም ድንጋይ እንዳይወረውሩ ማስተማር ነው። ጅራፍ ነክቼ የማላውቀው እኔ ስለ ጅራፍ ላስተምር!

ነሐሴ 7

አስተማርሁ። "ጅራፍ ዓይን ያጠፋል" ስል አካሉ የሚባል ልጅ እጁን አወጣ። የወይዘሮ የብርጓል፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛዋ ልጅ ነው።

"እታለም፣ አጩኸሽ ታውቂያለሽ?"

ምን አለ ዝም ብል? ተቀብዬ ሞከርሁ። አልጮኸም። አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ሻሼን ይዞት ወረደ። ትምህርቱ እዚያ ላይ አበቃ።

ነሐሴ 9

ዛሬ ግን ብልህ ነኝ። ቡሄ እስኪያልፍ ጅራፎቹን ሰብስበን ቀበሌ ብንቆልፍባቸውስ? አልሁ። ጸደቀ። ሃያ ሦስት ጅራፍ። ስንመልስ እንዳንሳሳት መዝገብ አዘጋጀሁ... የልጁ ስም፣ የአባት ስም፣ የቤት ቁጥር። ጓድ አንዳርጋቸው "አርአያ ነሽ" አለኝ። በንጹሕ ልገለብጠው እቤት ይዤው መጣሁ። በቀይ አሰመርሁት። ሦስት ጊዜ ገልጬ አየሁት፤ እንዴት ያምራል!

ነሐሴ 13

ቡሄ። ልጆቹ ትናንት ማታ ባዶ እጃቸውን ወጡ። ጅራፍ ሲያጡ ድንጋይ ያዙ። ይህን ማን ያስበዋል? ማንኛዋም እናት ታስበው ነበር። የማንንም ጣሪያ አልነኩም። የቀበሌውን መስኮት አረገፉት፤ ጅራፋቸው ያለው እዚያ ነዋ።

ጓድ አንዳርጋቸው ተቆጥቷል። "ይሄ የልጅ ጨዋታ አይደለም፣ አሻጥር ነው። ወላጆቻቸው ይመረመራሉ። መዝገቡን አምጭ።"

የኔን መዝገብ...

ነሐሴ 14

ወይዘሮ የብርጓል ከፋብሪካ እንደወጡ መጡ። ጥጡን ከራሳቸው ላይ እንኳ አላራገፉም።

"ልጄ፣ ያ የጻፍሽው ስም የት ደረሰ?"

"እኔ ጋ ነው።"

"የአካሉ አባትም ስሙ ተጽፎ ነው የሄደ። ይኸው አልተመለሰም።"

አላለቀሱም። እኔ ነኝ ያለቀስሁት። በዚያ ሁሉ ቀይ መስመር አፈርሁ።

ጣና ዳር ሄጄ መዝገቡን ውኃው ላይ ወረወርሁት። ተንሳፈፈ! ድንጋይ ማሰር አላሰብሁም፣ እኔ የክፍሉ አንደኛ። ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣ ባለ ታንኳ አንስቶ አመጣልኝ። "እህቴ፣ ደብተርሽ ወደቀብሽ!" እግዜር ይስጥልኝ አልሁት። ምን ልበለው?

ምድጃ ውስጥ ጨረስሁት። ሲነድ ይጨሳል፣ እርጥብ ነው። ይህን መጻፌ ደግሞ ሌላ ሞኝነት... ይህ ደብተር ከዛሬ ጀምሮ ፍራሽ ሥር ያድራል።

ነሐሴ 16

በስብሰባ ላይ ግለ ሂስ አደረግሁ። በቸልተኝነት ጠፋብኝ አልሁ።

"እሺ፣ በቃልሽ ንገሪን" አለ ጓድ አንዳርጋቸው።

ሃያ ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ። ከነቤት ቁጥራቸው።

"አላስታውስም።"

"ታዲያ ከክፍል አንደኛ የምትወጭው እንዴት ነው?"

"እየኮረጅሁ።"

ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። አዳራሹ በሳቅ አለቀ። ደደብ መሆን ይህን ያህል ከባድ አይመስለኝም ነበር።

ነሐሴ 17

አባባ ሰምተዋል። "ከስንተኛ ክፍል ጀምረሽ ነው?" አሉኝ። ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ነሐሴ 21

ከበላይ "ስም የሌለው ክስ አንቀበልም" የሚል መልስ መጣ። ጉዳዩ ተዘጋ። ጅራፍ መላሿ እኔው ነኝ። ጓድ አንዳርጋቸው በሩ ላይ ቆመ። የሚጠብቀው ልጆቹን አይደለም፣ እኔን ነው። አንዱን በስሙ ብጠራ አለቀልኝ።

እያንዳንዱ የራሱን ለይቶ ወሰደ። አንድም አልተሳሳተም። መዝገብ ለምን አስፈልጎኝ ነበር?

አካሉ መጨረሻ ላይ መጣ፣ እየሳቀ።

"እታለም፣ አወቅሽኝ?"

"አላወቅሁህም። የትኛው ነው ያንተ?"

ሳቁ ጠፋ። በጣቱ አሳየኝ፣ ሰጠሁት። ደጅ ሲደርስ ለጓደኛው "ደደብ ናት ያሉት እውነት ነው" ሲል ሰማሁት። ጓድ አንዳርጋቸውም ሰማ፤ ፈገግ ብሎ ሄደ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቤት ገብቼ አለቀስሁ።