ጉልበቱ ላይ የሳሳው ቱታ

ልጄ ሥርጉት፣ እንዴት ሰንብተሻል? በዚያ ፀሐይ ቶሎ በሚገባበት አገር ጤናሽ እንዴት ነው? ሲያምሽ የነበረው ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ ፍሬ ስብሐትስ የሌሊት ሥራው ቀለል አለለት? ኪዲዬስ እንዴት ናት፣ የኋላ ጥርሶቿ ወጡላት? እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ዓይኔ ብቻ ሲመሽ ፊደል አልይዝ ስላለኝ ይህን የምጽፍልሽ ጧት ጧት በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነው። ሐይቁ ዘንድሮ ሞልቶ ደንገሉን ከነአንገቱ ውጦታል። አንቺ የተከልሽው ማንጎም አብቧል።

ስልክ እያለ ለምን ትጽፋለች ትዪ ይሆናል። አንደኛ መስመሩ እንደምታውቂው ነው፤ ድምፅሽ እየተቆራረጠ ግማሹን የምሰማው በግምት ነው። ዋናው ግን የዚያን ዕለት የጠየቅሽኝን ነገር በስልክ ልመልስልሽ ብል አፌ አልታዘዝ ስላለኝ ነው። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አንቺ ከሰው ይልቅ ከወረቀት ጋር ትግባቢያለሽ» ይለኝ ነበር። እሱ ሲያነብ ከትከሻው ኋላ ቆሜ የለቀምሁት ፊደል ይኸው ለዛሬ ሆነኝ።

የነገርሽኝን ሁሉ ሳወጣና ሳወርድ ከረምሁ። የሕፃናት መዋያው ሴቶች በረዶ እየወረደም ልጆቹን ውጭ ያጫውታሉ አልሽኝ። አንቺ ግን በረዶው ከጀመረ ወዲህ ኪዲን ከቤት እንዳላወጣሻት፣ እሷም መስኮቱ ሥር ቆማ መስታወቱን በመዳፏ እየመታች «ውጪ፣ ውጪ» እንደምትል፣ ፍሬ ስብሐትም ልጅቱን እስረኛ አደረግሻት ብሎ እንደተቆጣሽ ነገርሽኝ። የመዋያው ሴቶችም ካልመጣች ቦታዋን ለሌላ ልጅ እንሰጣለን ማለታቸውን ሰማሁ። ከዚያ ድምፅሽ ዝቅ አለና «እማዬ፣ ምን ላልብሳት?» አልሽኝ። እኔ ተጣድፌ ጋቢ አሠርቼላታለሁ ብዬ መለስሁ። አንቺም፣ እዚያ ለብርድ ጥጥ አይወዱም፣ ሱፍና ውኃ የማያስገባ ልብስ ነው የሚሉት አልሽኝ። ልደብቅሽ አልችልም፣ ቅር አለኝ። ፈትሉን በገዛ እጄ ነው የፈተልሁት፤ ሸማኔውም ከዳር እስከ ዳር አጥብቆ ነው የሠራው። ያን ቀን ማታ ጋቢውን አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትሁና ከፈጣሪ በቀር የማንንም ስም ሳልጠራ ተኛሁ።

ቂሙ ሲለቀኝ የሙሀመድሰዒድ ልጅ ጀሊላ ዘንድ ሄድሁ። ታውቂያታለሽ፣ ከገበያው ጀርባ ከውጭ የሚመጣ ያገለገለ የቦንዳ ልብስ የምትሸጠዋ ናት። ከበሯ በላይ አንድ ሰማያዊ የሕፃን ልብስ ተሰቅሎ ሁልጊዜ አይ ነበር፤ ሱሪውም ኮቱም ቆቡም አንድ ላይ የተሰፋ ወጥ ቱታ ነው። እጅና እግሩን ዘርግቶ በነፋስ ሲወዛወዝ ሰው ይመስላል። አውርጂልኝ ስላት ሳቀች። «እትዬ ወለተ ኪዳን፣ ይኸን ችሎ የሚለብስ ሕፃን ባሕር ዳር ላይ ከተገኘ በነፃ እሰጣለሁ ብዬ ነበር፤ በዚህ ሙቀት እንደ ድንች ይቀቀላል እኮ» አለችኝ። ለማን እንደሆነ ስነግራት ሳቋን ትታ በዘንጓ አወረደችው፣ አቧራውንም አራገፈችልኝ። ልብሱ ከእናንተ ዓይነት አገር መጥቶ ተመልሶ ወደዚያው ሊሄድ መሆኑ አስገርሟት ለልጇ ለሰሚሐ እየደጋገመች ነገረቻት። አንገቱ ላይ በቀለም የተጻፈ የፈረንጅ ፊደል ነበረ፤ ሰሚሐ «ኢዳ» ይላል አለችኝ። የለባሹ ስም መሆን አለበት። ወንድ ይሁን ሴት አላወቅንም፣ አንቺ ታውቂው ይሆናል።

ሰው የነገረኝን ብቻ ይዤ ለልጅ ልጄ አልልክም ብዬ በማግስቱ ቱታውንም ጋቢውንም ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ፤ ሴቶቹ ልብስ የሚያጥቡበትን ድንጋያማውን ቦታ ታስታውሺዋለሽ። ቱታው ውስጥ የተባዘተ ደረቅ ጥጥ ሞልቼ ዚፑን ዘጋሁ። ጋቢውንም አራት አጥፌ በሌላ ጥጥ ላይ ጠቀለልሁት። ከዚያ በጣሳ ውኃ እየቀዳሁ በሁለቱም ላይ አፈሰስሁ። ልብስ አጣቢዎቹ አይተው ተሣሣቁብኝ፤ አንዷማ ወለተ ኪዳን ሕፃን በሌለበት ክርስትና ታነሣለች አለች። እኔ ማፍሰሴን ቀጠልሁ። በቱታው ላይ ውኃው ጎደሬ ቅጠል ላይ እንደፈሰሰ እየተንከባለለ ወረደ፤ ስከፍተው ጥጡ እንደነበረ ደረቅ ነው። የጋቢው ጥጥ ግን ተጨምቆ የሚንጠባጠብ ሆነ። እኔም እርጥቡን ጋቢ ክንዴ ላይ ጠቅልዬ በነፋሱ መካከል ተቀመጥሁ። መጀመሪያ የሚሞቅ ይመስላል። ቆይቶ ግን ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይጠብቃል እንጂ አይለቅም። ያቺው የሳቀችብኝ ሴት መጥታ አሞሽ ይሆን ወይ እስክትለኝ ድረስ ከክንዴ ላይ አልፈታሁትም።

ሥርጉትዬ፣ ለምን እንደተቀመጥሁ አንቺ ታውቂያለሽ። የነሐሴ ኪዳነ ምሕረትን ደሴቱ ላይ ካለው የአባትሽ ደብር አክብረን በታንኳ ስንመለስ ዝናብና ማዕበል ሐይቁ መካከል ላይ የያዘን ቀን፣ ሕፃኑ ወንድምሽ ጥዑመ ልሳን በእኔ ጋቢ ተጠቅልሎ እቅፌ ውስጥ ነበር። ስለዚያ ቀን እኔና አንቺ አንድም ጊዜ ተነጋግረን አናውቅም። እኔ አንቺ ረስተሽዋል እያልሁ ራሴን አጽናናለሁ፤ አንቺ ደግሞ እኔን ላለማስለቀስ ዝም ትያለሽ። ልጅሽን መስኮት ሥር ማቆየትሽን ስሰማ ነው አለመርሳትሽ የገባኝ። አንቺ የፈራሽው የዚያን አገር በረዶ አይደለም።

ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ውኃው ከላይም ከታችም ሲመታን እጅሽን በጋቢው ሥር ሰደሽ ነካሽውና «እማዬ፣ ይኸ ረጥቧል እኮ፤ አውልቂለትና የእኔን ሹራብ ላልብሰው» አልሽኝ። ሹራብሽ በተከደነ ቅል ውስጥ ተሸሽጎ ደረቅ ነበር። እኔ ግን በላብ የሞቀ ልጅ ከተገለጠ ብርድ ይገባበታል ሲባል ያደግሁ ነኝ። ዝም በይ ብዬ እጅሽን መታሁና እርጥቡን ጋቢ ይበልጥ አጠበቅሁበት። ሳንባው ታሞ በዚያው ሳምንት አረፈ። ሐኪሙ ሕመሙ አስቀድሞ ውስጡ ነበረ ይሆናል ብሎኛል፤ እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በዚህ ሁሉ ዘመን ጋቢ በታጠፈ ቁጥር የማያት ያችን የመታኋትን ትንሽ እጅ ነው።

ስለዚህ ምን ላልብሳት ብለሽ እኔን መጠየቅሽ ከበደኝ። ልጄ፣ ያን ጊዜ ያወቅሽው አንቺ ነበርሽ። እጅሽ ደረቁን ከእርጥቡ ለይቶ ነበር። ያ እጅ ዛሬም አብሮሽ ነው፤ እሱን እመኚው፣ የኔንም ቁጣ ከእሱ ላይ አንሺልኝ።

እንዲያው እናት ነኝና ትንሽ ልጨምር። ከሥር ስስ ሱፍ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ቱታው ይሁን። መደረብ ጥሩ ነው ብለሽ አታጭቂባት፤ ካላባት ላቡም ያው ውኃ ነው፣ ከውስጥ ያረጥባታል። ብርድ ይዟት እንደሆነ ለማወቅ ጣቷን አትንኪ፣ የልጅ ጣት ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል። ማጅራቷ ሥር እጅሽን ስደጂ፤ እዚያ ከሞቀች ደኅና ናት። ጫማዋ ጣቶቿን የምታንቀሳቅስበት ቦታ ይኑረው። አንገቷ ላይ የሚንዘላዘል ሻርፕ አታድርጊባት፣ መጫወቻ ላይ ይያዛል። ስትመለስ እርጥብ የሆነውን ሁሉ ያኔውኑ አውልቂላት። ጋቢውንም እልክልሻለሁ፤ እሱ ግን የቤት ነው፣ ተኝታ ሳለች አልብሻት።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ቱታውን አጥቤ ሳሰጣው ሁለቱም ጉልበቱ ላይ ሳስቶ፣ ቀለሙም ለቅቆ አየሁት። ሌላው ሁሉ አዲስ ነው። ኢዳ የሚሉት ያ ልጅ በረዶ ላይ ተንበርክኮ ሲጫወት የከረመ ነው ማለት ነው። ከዚያ ልብሱ ለምን ተሸጠ ብዬ አሰብሁ። አልተቀደደ፣ አልተበላሸ። ልጁ አድጎ ጠበበው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ውጭ ወጣ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፣ አደገ። የወንድምሽ ልብሶች ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አሉ፤ አንዱም አልጠበበውም። ያችን የሳሳች ጉልበት በእጄ ይዤ ብዙ አለቀስሁ፤ የኀዘን ብቻ እንዳይመስልሽ።

ቱታውንና ጋቢውን የጎረቤታችን ልጅ ክንዱ ለትምህርቱ ወደዚያ ሲመለስ ያደርስልሻል። ትንሽ ሰፊ ቢሆንባት እጅጌውን እጠፊላት፤ ካልወደድሽውም አዲስ ግዢላት እንጂ ለእኔ ብለሽ አትጨነቂ።

ፍሬ ስብሐትን እጅግ አድርጌ እንደናፈቅሁት ንገሪልኝ፤ ሲቆጣሽም ፈርታ ነው እንጂ ጨክና አይደለም ብላለች እናቴ በይው። ጀሊላና ሰሚሐ ሰላም ብለውሻል፤ ጀሊላ ኪዲ ለብሳው ፎቶ ካልተላከልኝ ከበሬ ላይ የሚሰቀል አጣለሁ ብላለች። ለአንቺ የእናትሽ ሰላምታ ከልብ ነው፣ ያችን እጅሽን ስሜያለሁ። ኪዲዬንም ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ከዚያ በሩን ክፈቺላት። ጉልበቱ እስኪቀደድ ትንበርከክበት፤ ከርሞም ይጥበባት።

እናትሽ ወለተ ኪዳን
ባሕር ዳር፣ ኅዳር ፳ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.