ለኖቫዋ የሚበቃት ሞተር

ውድ ዌንዴል፣

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ከዘጋኸው ዛሬ ስድስት ሳምንት ሆነ። ስምንት ጊዜ ደወልኩ፣ አታነሳም። ስለዚህ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ወረቀት ላይ ቢያንስ አታቋርጠኝም።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። አዎ፣ ለአባባ አሮጌ መኪና ለኖቫዋ ያዘዝከውን ሞተር የመለስኩት እኔ ነኝ። ሳልነግርህ፣ በአንተ ስም ፈርሜ። ስለ እሱ ይቅርታ። አሁን ግን የእኔን ስማ። ከተናደድክም እየተናደድክ አንብበው።

አባባ በሚያዝያ ደም ጭንቅላቱ ውስጥ ፈስሶ ቀኝ እጁ እንደደከመ ስነግርህ ምን አደረግህ? ካለህበት ከሰሜን ዳኮታ እዚህ ዴይተን በአንድ ቀን ይደረሳል። አንተ ግን ትኬት አልቆረጥክም፣ ሞተር አዘዝክ! አንድ ሐሙስ ጠዋት ትልቅ የጭነት መኪና ደጄ ላይ ቆመ።

«ኮሪን አንቺ ነሽ?» አለ ሾፌሩ። «ሰባት መቶ ፓውንድ የሚመዝን ሳጥን አለሽ። ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍትሽ የት ነው?»

«እኔ ያለኝ የሣር ማጨጃ ነው» አልኩት።

ጎረቤቴ ሃርላን የሞተር ማንሻውን እየገፋ ባይደርስልኝ ኖሮ ሳጥኑ እስከ ዛሬ መንገዱ ላይ ነበር። ስንከፍተው ለእሽቅድምድም መኪና የሚሆን ግዙፍ ሞተር! ዌንዴል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሞተር ስትገጥም የኖረች እህት አለችህ። አንድ ጊዜ ደውለህ «ምን ይሻላል?» ማለት እንዴት ያቅትሃል?

ላንተ በሳጥን የሚመጣ ሞተር ልክ እንደ ጫማ ቁጥሩ ታይቶ የሚገዛ ነው። እኛ ፋብሪካ ግን ብሎኩ፣ ማለት የሞተሩ ገላ፣ ከማቅለጫው ሻካራ ሆኖ ይመጣል። ማሽን ፊቱን ይልገዋል፣ ሲሊንደሮቹን ይቦረቡራል። የመጨረሻውን ሲሞርዱት ላዩ ላይ ወፍራም ብረት በብሎን ያስሩበታል። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ሲታሰርበት ብሎኩ በጥቂቱ ይጣመማል፣ ስለዚህ ክብነቱ የሚስተካከለው እንደታሰረ ሆኖ ነው። ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱን፣ እያሽከረከሩ ሚዛኑን ይለኩታል፣ የከበደውን ጎን በስተው ያቀሉታል። ከዚያ እኔ ጠረጴዛ ይደርሳል። እያንዳንዱን ፒስተን በእጄ አስገባለሁ። ሲያልቅ ዘይት ሞልተን መሞከሪያው ላይ እናስነሳዋለን፣ ግፊቱን እንለካለን። ይህ ሁሉ የሚለፋው መኪናው ውስጥ እንዲገባ ነው። ያንተ አይገባም!

ኖቫዋን ታውቃታለህ። የፊት ሞላዎቿ የተቀመጡበት የብረት ግድግዳ ከግራም ከቀኝም ሞተሩን ይጫነዋል። ለክቼ ነው የደወልኩልህ።

«ግድግዳውን ቁረጪዋ!» አልከኝ።

«ኖቫዋን?»

«ሰው ሁሉ ይቆርጣል። ጉልበት እኮ ነው ኮሪን፣ ጉልበት!»

«ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው! ማንን ሊቀድምበት ነው?»

አባባ መደገፊያ ዱላውን ይዞ ብቅ ብሎ ሁሉንም ሰምቶ ነበር። «ያቺን መኪና የሚቆርጥ መጀመሪያ እኔን ይቁረጠኝ በይው» አለ። ነገርኩህ። አንተ ምን አልክ? «መጥቼ ራሴ አስተካክለዋለሁ።» መቼ ስልህ፣ «ሥራ ሲቀል።» ሥራህ ሁለት ዓመት ሙሉ አልቀለለም፣ ወንድሜ። የድሮውን ሞተር አውጥተህ ሸጠህ፣ «በወሩ አዲስ አስገባለሁ» ብለህ፣ አባባ ሲቆጣህ ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልቧ የወጣ መኪና በሸራ ሸፍኖ በየጠዋቱ ሲያያት የኖረው እሱ ነው። ሰኞ ዕለት ሳጥኑን መልሼ ቸነከርኩት። ሻጮቹ መጥተው ወሰዱት። ይኸው ጥፋቴ። ይህን ስነግርህ ነው ስልኩን የዘጋህብኝ።

ስልኩን በዘጋህብኝ ማግስት አባባ ቁርስ ላይ ሹካውን አስቀምጦ አየኝ።

«አንቺ ብትሆኚ ምን ትመርጫለሽ?»

አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። አባባ ስለ መኪና ሐሳቤን ጠይቆኝ አያውቅም። አንተ ኮፈኑ ሥር ባትሪ ስታበራለት እኔ ሳህን አጥብ ነበር፣ በመስኮቱ እያየኋችሁ። ቀንቼብህ ነበር፣ ዌንዴል። ፋብሪካ የገባሁትም በዚያ እልህ ይመስለኛል። ይህን ላንተ ነግሬህ አላውቅም።

«መጀመሪያ ወዴት ልትሄድባት እንደሆነ ንገረኝ» አልኩት።

«እናትሽ መቃብር። ከዚያ ጣፋጩን ፓይ የሚሸጡበት ቤት።»

ለመቃብርና ለፓይ ሦስት መቶ የፈረስ ጉልበት ከበቂ በላይ ነው። ሞተር ለብቻው አይመረጥም። ያረጀው ካንቢዮ ይችለዋል ወይ? ፍሬኑ ያቆመዋል ወይ? ራዲያተሩ ያቀዘቅዘዋል ወይ? እኛ ፋብሪካ ከሚሠሩት ትንሹን መረጥን። እሱም ቢሆን የዘይት ቋቱ ከመሪው ዘንግ ጋር እንዳይጋጭ በሌላ ቅርፅ መቀየር ነበረበት። አንተ ይህን ታውቅ ነበር? አታውቅም። ለምን አልጠየቅከኝም!

አለቃዬ ዶሪን አባባን ዓርብ ዕለት ፋብሪካው እንዳስገባው ፈቀደችልኝ። መከላከያ መነጽር አድርጎ፣ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን ለብሶ አጠገቤ ተቀመጠ። የኖቫዋን ሞተር የቴስታታ ብሎኖች ልክ ሲደርስ ቀጭ በሚለው ቁልፍ ማሰር ጀመርኩ። ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል። ስጨርስ፣

«አንዱን ዘለልሽ» አለኝ።

«አልዘለልኩም።»

«አሥራ ሰባት ብሎን ነው ያለው። እኔ የሰማሁት አሥራ ስድስት ነው።»

ሳቅሁበት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ዘልዬ አላውቅም። እሱን ለማስደሰት ብቻ ቁልፉን አንስቼ እያንዳንዱን እንደገና ሞከርኩ። ጥግ ላይ ያለው ላልቶ ነበር። አባባን ሰርቄ ሳይ ነው የዘለልኩት። በግራ እጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ወደ ሞተሩ ተመለሰ።

ከሃርላን ጋር ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽቦውም ቱቦውም ተገጥሞ አለቀ። አባባ መሪው ጋ ተቀመጠ። ቀኝ እጁ እንቢ ስላለው ግራ እጁን በመሪው ላይ አሻግሮ ቁልፉን አዞረ። አንዴ አንቋረረች፣ ሁለተኛው ላይ ተነሳች። ሃርላን ኮፍያውን ወረወረ። እኔ ዘይት ይንጠባጠብ እንደሆነ ብዬ መሬት ላይ ተኝቼ ነበር፣ ቀና ስል አባባ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ያለቅሳል። ለእማማ ቀብር እንኳ ፊት ለፊታችን አላለቀሰም።

ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ዌንዴል የወጣ ቀን ክፉ ተናገርኩት» አለኝ። «"ጀምረህ የጨረስከው ነገር ምን አለ?" አልኩት። ልጄን እንዲህ ማለት አልነበረብኝም።»

ይህን በስልክ አልነግርህም ብዬ ነበር። ግን አታነሳምና ይኸው ጻፍኩት።

ከዚያ አፍንጫውን ጠረገና «ድምጿን በስልክሽ ቅጂና ላኪለት» አለኝ።

«አልልክም።»

«ምነው?»

«ቪዲዮ ከላክሁለት ያያታል፣ "አሪፍ ነው" ብሎ ይጽፍልናል፣ በዚያው ይቀራል። ይምጣና በጆሮው ይስማ።»

አባባ «እውነትሽን ነው» አለ። «ግን እንዳትቆጪው።»

አልቆጣህም ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ይህ ደብዳቤ አይቆጠርም።

ሐኪሙ መንዳት ስለከለከለው የምነዳው እኔ ነኝ። እስካሁን እስከ መንገዱ ጫፍ ሄደን ከመመለስ በቀር የትም አልሄድንም። መቃብሩ ጋ እንሂድ ስለው «ሦስታችንም ስንሆን» ይላል። ይህን ሰውዬ ተከራክሮ የረታው የለም፣ ታውቀዋለህ። በኅዳር በረዶ ሲጥል መንገዱ ላይ ብረት የሚበላ ጨው ይበትናሉ፣ ያኔ ኖቫዋን ከጋራዥ አላወጣትም፣ እስከ መጋቢት ትዘጋለች። አባባ እስከ መጋቢት እንዴት እንደሚሆን ሐኪሙም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም።

ምንም ዕቃ አትላክ። ሞተርም፣ ጎማም፣ አበባም እንዳታዝ። አውቶቡስም ይሁን አውሮፕላን፣ ተሳፍረህ ና።

አልቆጣም ብላ ቃል የገባች እህትህ፣
ኮሪን