ከሯጮች ኋላ የሚሄደው አውቶቡስ

ይድረስ ለታላቋ ልጄ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ሥራ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ መድኃኒት ስትሸጪ ያብጥ የነበረው እግርሽ ተሻለው ወይ? ምሳሽንስ በሰዓቱ ትበያለሽ? እኛ አለን። አባትሽም አለ። ይህን አስቀድሜ የምጽፍልሽ ልብሽ ተንጠልጥሎ እንዳታነቢ ብዬ ነው። ሮጧል፤ ግን አለ።

ስልክ ለምን አልደወልሽም እንደምትዪኝ አውቃለሁ። በስልክ ሲሆን አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ነገሩ መሃል መንገድ ላይ ይቀራል። ወረቀት ግን አያቋርጠኝም። እጄ ቀርፋፋ ስለሆነ አንዳንዱን መስመር ዛሬ ጀምሬ ነገ ነው የምጨርሰው፤ የእጅ ጽሑፌን ታግሠሽ አንብቢው።

ባለፈው ስንነጋገር ያልሽው ከጆሮዬ አልወጣም። እሱ ከሮጠ እኔን እንደሌለሁ ቁጠሩኝ፣ ሁለተኛ ሬሳ ለመቅበር አልመጣም ብለሽ ዘጋሽው። አልተቀየምኩሽም። እኔም ካንቺ ባላነሰ ፈርቼ ነበር። ወንድምሽ በወደቀበት ማራቶን፣ በዚያው መንገድ ላይ፣ ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ሥር ተጋድሞ ሲፈታና ሲያስር ጉልበቱን የጨረሰ ሽማግሌ መካኒክ ልሩጥ ሲል ማን አይፈራም? ሐኪሙ ልቡን መርምሮ፣ ቀስ ብለው ይሂዱ እንጂ አልከለክልዎትም አለው። እኔ ግን ከሐኪሙ ይልቅ የማምነው አንቺን ነበር። አስቀረዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁልሽ። እንዴት ሳላስቀረው እንደቀረሁ፣ ደግሞም እሱ ራሱ የት ላይ እንደቀረ ልንገርሽ።

ከዋዜማው ጀምሮ መቀመጥ አልሆነለትም። የደረት ቁጥሩን ካናቴራው ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዘ፣ ጠመመ ብሎ ፈታው፣ እንደገና አያያዘ፣ እንደገና ፈታ። በመጨረሻ ነጠቅሁትና እኔ አደረግሁለት። ጫማውን አሥሮ ክፍሉን ይዞራል፣ ጠበቀኝ ይላል፤ ያላላዋል፣ ደግሞ ሰፋኝ ይላል። ጎህ ሲቀድ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ቀረ። ወጣ ስል ተመልሶ ይገባል። ምነው፣ ሆድህን አመመህ እንዴ ብዬ በሩን ባንኳኳ፣ አላመመኝም፣ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ መሮጥ ጀምሯል አለኝ።

ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። ወንድምሽን ከቀበርን ወዲህ ከዚያ ሰው አፍ ቀልድ ወጥቶ አያውቅም። ውሃ ስጪኝ፣ መብራት አጥፊው፣ እሺ፣ ይሁን፤ ዓመቱን ሙሉ ያወራኝ ይህንኑ ነበር። ቅርብኝ ልለው በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ቃሌን ዋጥኩት። ጉልበቱን በሰፊ ፋሻ ጠቀለልኩለት። ጭኑና ብብቱ እንዳይላጥ ቫዝሊን ተቀባ። ከወንድምሽ ጋር ይሮጡ የነበሩት ሁለቱ ጓደኞቹ፣ ፀጉር አስተካካዩና የሒሳብ አስተማሪዋ፣ መጥተው በር አንኳኩ፤ ተያይዘን ወጣን።

ሬዲዮው ደመና ይሆናል ብሎ ነበር፤ ዋሸ። ፀሐይዋ ገና ሳትወጣ ደረቅ ነፋስ ተነሣ፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ የሚበትን ትኩስ ነፋስ። መነሻው ላይ በድምፅ ማጉያ፣ ዛሬ ሰዓት ለማሻሻል የሚሮጥ እንዳይኖር፣ ራሱን ያዞረው ሰው ይቁም እያሉ ይለፍፋሉ። አስተማሪዋ ከኋላዋ መቆሜን ሳታውቅ ለፀጉር አስተካካዩ፣ ያን ዕለትም ልክ እንዲህ ነበር አለችው። እሱ በክርኑ ነካ አደረጋትና ዞራ አየችኝ።

ከሯጮች ሁሉ ኋላ የሚሄድ አንድ አውቶቡስ አለ። የደከመውን፣ የተጎዳውን፣ ሰዓት ያለፈበትን እየለቀመ ይመጣል። አውቶቡሱ ካለፈሽ ውድድሩ ላንቺ አበቃ፤ መንገዱም ለመኪና ይከፈታል። መጥረጊያው ይሉታል። የዘንድሮው ሾፌር ጋራዥ ውስጥ ከአባትሽ እጅ ሥራ የተማረ ሰው ነው፤ እስከ ዛሬ አለቃ እያለ ነው የሚጠራው። ለምኜው ከወንበሩ ኋላ አስቀመጠኝ። እትዬ፣ አለቃን ከዓይኔ አላጣውም፣ እርስዎ ቅደመው ካሉኝ እቀድመዋለሁ፣ ነገሩ ያልቃል አለኝ። ቃሌን ለመጠበቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት አገኛለሁ? አንዲት ቃል ብተነፍስ አባትሽ ወንበር ላይ ነው።

መጀመሪያ የተሳፈረው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ባቱን ጨምድዶ ይዞት በአንድ እግሩ እየዘለለ ገባ። ሾፌሩ፣ ባለፈው ሳምንት አንደኛ እወጣለሁ እያልክ ስታወራ ግማሹን ፀጉሬን ሳትቆርጠው አልነበር እንዴ የለቀቅኸኝ አለው። ታዲያ አንደኛ ነኛ፣ እዚህ አውቶቡስ ውስጥ ከእኔ የቀደመ ማን አለ ብሎ ባቱን እያሸ ተዘረጋ። ሰው ሳቀ። እየቆየ ግን የሚገባው በዛ፣ የሚስቀው አነሰ። ተረከዙ ተልጦ ካልሲው በደም የራሰ፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ የሚያቃትት፣ የሚያስመልሰው። አስተማሪዋም እያነከሰች ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከፊታችን የቀረው አባትሽ ብቻ ሆነ።

ልጄ፣ የሰው ጀርባ እንዲህ ቁጭ ብዬ አይቼ አላውቅም። ካናቴራው መጀመሪያ ረጠበ፣ ኋላ ደረቀ፣ ከዚያ ጨው አወጣ። የግራ እግሩን እየጎተተ ነው የሚሄደው። ውሃ የሚታደልባቸው ጠረጴዛዎች ጋ ሲደርስ እጁን ይዘረጋል፤ ቀድመው ያለፉት ጨርሰውታል፤ ባዶ ኩባያ ነፋሱ መሬት ላይ ያንከባልለዋል። እኔ እጅ ላይ ውሃ የጠገበ ስፖንጅ አለ። አቁምልኝ ልስጠው ብለው ሾፌሩ፣ ከመኪናው እርዳታ ከተቀበለ እንደ ተሳፈረ ነው የሚቆጠርበት፣ አለቃ ደግሞ በሕይወቴ ይቅር አይለኝም አለኝ። ሳላውቀው ስፖንጁን ጨምቄ ኖሮ ውሃው ሁሉ ቀሚሴ ላይ አለቀ።

ሾፌሩ በመስታወቱ እየደጋገመ ያየኛል። ልቅደመው ማለቱ ነው። ጥቂት ጠብቅ እላለሁ በዓይኔ። የተሳፈሩት ያ ድልድይ ያውና ብለው ሲያወሩ ሰማሁ። ወንድምሽ የወደቀው ከድልድዩ ማዶ መሆኑን እንጂ ቦታውን አላውቀውም ነበር፤ ማንም እንዳይነግረኝ ለምኜ ነበርና። ድልድዩን አለፍነው። አስተማሪዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ እናቴ፣ ላቡ ቆሟል፣ በዚህ ሙቀት ላብ ሲቆም ጥሩ አይደለም አለችኝ። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። አንቺ ፊቴ ላይ መጣሽ። ቅደመው ልል አፌን ከፈትኩ።

እሱ ግን ቆመ።

ረጅሙ የግንብ አጥር ከሚያልቅበት ላይ አንዲት የልብስ ሰፊ ቤት አለች። ደጃፏ ላይ ባልዲ ሙሉ ውሃ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ሴትዮዋም አጠገቡ ቆማለች። ኩባያ ሰጠችው፤ ሲጠጣ አየሁት። ሴትዮዋ የሆነ ነገር ትነግረዋለች። ኩባያውን ሳይጨርሰው ደረጃው ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። እንዴት እንደ ወረድኩ አላውቅም። መነጽሬ ወንበሩ ላይ፣ ነጠላ ጫማዬ አንዱ ከመኪናው ደረጃ ላይ ቀርቷል። አለቀ ብያለሁ በልቤ።

ስደርስ ቀና ብሎ አየኝና፣ እዚህ ነው አለኝ።

ሴትዮዋ ማን መሆኑን አላወቀችም ነበር። ለጠጣው ሁሉ የምትለውን ነው ያለችው። ቀስ ብለው ይጠጡ ወንድሜ፣ አምና አንድ ወጣት እዚችው ደጃፌ ላይ ወድቆብኛል፣ ከዚያ ወዲህ የእነሱን ጠረጴዛ አላምንም፣ የራሴን ውሃ አወጣለሁ አለችው። እኛ እናትና አባቱ ነን ስላት ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ ያን ዕለት የሆነውን ነገረችን። የስፌት መኪናዋ ላይ የነበረውን ያላለቀ የተማሪ ዩኒፎርም አምጥታ ራሱን አስደግፋዋለች። እናቴ፣ ጫማዬን ፍቺልኝ ብሏታል። ፈታችለት። ተባረኪ አላት። አምቡላንስ እስኪመጣ እጁን አልለቀቅሁም አለች። አየሽ፣ እናቴ ብሎ የሚጠራት ሰው አላጣም። እኔ ዓመት ሙሉ ብቻውን ነበር እያልኩ ነው የተቃጠልኩት።

ሾፌሩ ወርዶ አጠገባችን ቁጢጥ አለ። አለቃ፣ መንገዱን ሊከፍቱብን ነው፣ ይሄዳሉ ወይስ ይሳፈራሉ አለው። ፀጉር አስተካካዩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ ጋሼ፣ የቀረው እኮ ቁልቁለት ነው፣ እኛ እየዘፈንን እንከተልዎታለን፣ ይጨርሱት ብሎ ጮኸ። አባትሽ ግንቡን ተደግፎ ተነሣ። እጅጌውን ያዝኩት። መንገዱን ወደፊት አየው። ከዚያ፣ የለም፣ ልጄ የሮጠው እስከዚህ ነው፣ እሱን ትቼ ወዴት እሮጣለሁ አለ። ማንም ሳይጎትተው፣ በራሱ እግር ወደ አውቶቡሱ ሄደ። ያ ምላሰኛ ፀጉር አስተካካይ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀለት። አስተማሪዋ ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ነክራ ሰጠችኝ። አንገቱን አቀዘቀዝኩለት። በቀብሩ ቀን ያላወጣውን ለቅሶ ያን ሁሉ ሰው በተሞላ አውቶቡስ ውስጥ አወጣው። ማንም ዝም በል አላለውም።

አሁን ለአንቺ ብቻ የምነግርሽ አለኝ።

አባትሽ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መኪናው ሲሄድ ልብስ ሰፊዋ እጄን ይዛ ወደ ቤቷ ሳበችኝ። ወንድምሽ ወገቡ ላይ የታጠቀውን ትንሽ ቦርሳ ትንፋሽ እንዲያገኝ ብላ ፈትታለት ኖሯል፤ እሱን ሲወስዱት በግርግር እሷ ጋ ቀረ። ለማን እንደምትሰጠው ብታጣ ቁልፎችና ክሮች ከምታስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ አኖረችው። የሰው ነው ብላ ከፍታው አታውቅም። ሰጠችኝ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ከፈትኩት። የቤት ቁልፍ፣ ቀልጦ የደረቀ ከረሜላ፣ የታሸገ ክኒን።

ከውድድሩ በፊት በነበረው ሳምንት ቅልጥሙን አሞት እንደነበር ታውቂያለሽ። ይቅርብህ ስለው፣ እህቴ ማስታገሻ ልካልኛለች፣ ጠዋት ውጬ እሮጣለሁ ነበር ያለኝ። ከቀብሩ በኋላ አንቺ፣ ጠዋት ክኒኑን ውጦ ነበር ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ምኑን አውቄ አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ አልደገምሽውም። ቤትም አልመጣሽም።

ክኒኑ ሙሉ ነው፣ ልጄ። አንድም አልጎደለም። መነጽሬ አውቶቡስ ውስጥ ቢቀርም እያንዳንዱን በጣቴ ዳስሼዋለሁ፤ አንዱም ማሸጊያው አልተቀደደም። ሳይውጠው ነው የሮጠው። የእሱን ነገር ታውቂው የለ፤ ወይ ረስቶታል፣ ወይ ሕመሙ ትቶታል። ቁልፉንና ከረሜላውን አስቀምጬዋለሁ። ክኒኑን ግን እዚያው በር ላይ ከነበረው የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ጣልኩት፤ ምን ሊሠራልን? አባትሽን እንዳትጠይቂው፤ እሱ አላየም። እኔ ማየቴ ይበቃል።

ጉልበቱ ስላበጠ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ይውላል። የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሯል፤ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም እንደ ሜዳልያ ያሳየዋል። አሁን ስጽፍ አይቶኝ፣ ለማን ነው አለ። ለልጄ ብለው፣ እንግዲያው ትእዛዟን ፈጽሜያለሁ፣ ተሳፍሬያለሁ በያት አለኝ።

ጎንሽ ይሙቅ፣ እንቅልፍሽ ይጣፍጥ። ክፉ አይይሽ። ፈቃድ ስታገኚ ነይ፤ ማንም ምንም አይጠይቅሽም። እጅሽ የሰጠው ሁሉ ፈውስ ይሁን።

እናትሽ