ለባሕር የሚሆን ሸራ

ውድ መምህር ወንዳወቅ፣

መልእክትህን ከጽጽቃ የመጣው መኪና ሹፌር አድርሶልኛል። አዲሱ ትምህርት ቤትህ ካርታ ስለሌለው፣ እንደ ድሮው ሰማያዊ ሸራ እንድልክልህ ጠይቀሃል። መጨረሻው ላይ «ለእየሩስም ሰላም በይልኝ» ብለሃል። ሰላምታህን የማደርስበት ቦታ የለኝም። እህቴ ዓምና ሞታለች።

እዚህ ሰቆጣ ጂኦግራፊ ስታስተምር የክፍሉ ካርታ በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቶ ነበር። አንተም በግቢው መሬት ላይ ሠራኸው። ድንጋይ ከምረህ ተራሮቻችንን፣ አመድ አፍስሰህ ተከዜን አወጣህ። ቀይ ባሕር ሲቀርህ ሱቄ መጣህ። ከጥቅልል የተረፈች ቁራጭ ሸራ ሰጠሁህ።

«ለባሕር አትጠብም?» አልሁህ።

«ልጆች ናቸው፣ ጥሩዬ። ከወዲህና ከወዲያ ማን እንዳለ ይወቁ እንጂ፣ ስፋቱን ሲያድጉ ይደርሱበታል።»

በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ቁራጯን ይዘሏት ነበር። አንተም ጥላ ሥር ቁጭ ብለህ ትስቅ ነበር። እየሩስም ከእነሱ ጋር ስትዘል ውላ ቤት ስትገባ፣ «እትዬ፣ ሳዑዲ ደርሼ መጣሁ፤ ምን ላምጣልሽ?» ትለኛለች።

«እንኳን ደህና ገባሽ፤ በይ አሁን ውኃ ቅጂ» እላታለሁ።

ወደ ሳዑዲ ለመሄዷ አንተን አልከስም። ዝናቡ ቀረ፤ እኩዮቿ ሄዱ፤ ደላላው መደወሉን አልተወም። የምከስህ በአንድ ነገር ነው። ልትሄድ ስትነሳ «ባሕሩስ?» ብዬ እጇን ያዝኋት።

«እሱን እኮ ስዘለው ነው ያደግሁት» አለችኝ።

እየሳቀች ነበር። ግን ዓይኗን አይቼዋለሁ፤ የምሯን ነው። በኋላ ባሕሩን ተሻግራ የዳነች፣ ባንቺ የምትባል ጓደኛዋ ከየመን ደወለችልኝ። እየሩስ ጅቡቲ ዳርቻ ላይ ቆማ፣ «ማዶው የታል?» እያለች ስትጠይቅ ነበር አለችኝ። ጀልባዋ የተገለበጠችው ማዶው ሳይታይ ነው።

ክፉ ሰው ብትሆን ይቀለኝ ነበር። አይደለህም፤ ስፋቱን ለኋላ ያቆየኸው ቸኩለህ ነው።

ሸራውን ልኬልሃለሁ። ቁራጭ አይደለም፤ ሙሉ ጥቅልል ነው። እንዳትቆርጠው። ግቢው ካልበቃው አጥሩን አልፎ ማሳው ላይ ይዘርጋ። ከዚያ ልጆቹን ዳር ላይ አቁመህ «ዝለሉ» በላቸው። መሀሉ ላይ ሲያርፉ አትሳቅ። እየሩስ እዚያ እንደቀረች ንገራቸው።

ጥሩሐረግ ካሤ
ሰቆጣ፣ ከሸራ ተራ