ፊልሙ ላይ ያየሁት ወንበርህ

ሰይድዬ፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሆነ። የባል ሐዘን ወራቴን፣ ኢዳዬን፣ ጨርሼ ከቤት መውጣት ጀምሬያለሁ። ቤታችን ብዙም አልተለወጠም፤ የጓሮው በር እንደተገነጠለ ነው። ልጃችን ዘሀራ ደሴ ሥራ አግኝታ በየሳምንቱ እየመጣች ታየኛለች። እኔ ግን ካለፈው እሑድ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህንንም የምጽፍልህ እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው።

ነገሩ የመጣው በፊልም ነው። አኮርዲዮን ስትጫወትበት ስለኖርከው ባንድ ዘጋቢ ፊልም ተሠርቶ ዘሀራ በስልኳ ይዛልኝ መጣች። አላይም ብዬ ነበር። በተጋባን ዘመን ሁሉ ያንን ባንድ እንደ ጣውንት እንደማየው ታውቃለህ።

ግን ምን ልበልህ፣ ወደድኩት! ዜማ እንዳይሰረቅባችሁ ሐይቁ መሃል ጀልባ ላይ ስትለማመዱ ከበሮው ውሃ እንደገባ አለቃችሁ ይመር ራሱ ይናገራል። ያን ለታ በጀሪካን ተክታችሁት፣ ይኸው እስከ ዛሬ ጀሪካን ይመታሉ። በጠራራ ፀሐይ የዝናብ ካፖርት ለብሰው፣ ፊታቸውን እንደ ዳኛ አኮሳትረው አምባሰል ሲጫወቱ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ካፖርቱ ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ አንዳቸውም አያስታውሱም። ካለፍክ ወዲህ እንዲያ ስቄ ስለማላውቅ ዘሀራ ደነገጠች።

ከዚያ መድረኩ ላይ፣ ከይመር አጠገብ፣ ሰው የሌለበት ወንበር አየሁ። ለዘመድ ሰጠሁት ያልከኝ አኮርዲዮን ተቀምጦበታል። ይመር የማን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ «የሰይድ ነው። ክንዱን አሞት ተወን እንጂ እኛስ አልተውነውም። እሱ ቦታ ሰው አይቀመጥም፣ ወላሂ!» አለ። ከተውካቸው ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየሰርጉ ያንን ወንበር ተሸክመው ይዞራሉ።

ክንድህን መቼ አመመህ? ዘሀራን ወባ ይዟት ስትቃጠል አንተ ውጫሌ ሰርግ ላይ ሦስት ቀን የቆየህ ጊዜ፣ ወይ እኔ ወይ ባንዱ ብዬ በር የዘጋሁብህ እኔ ነኝ። አንተም ባንዱን ተውክ። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ባልክበት ጣቶችህ ጉልበትህ ላይ ይርመሰመሱ ነበር። እኔ ሞኟ ቁርጥማት መስሎኝ ቅባት እቀባህ ነበር፤ አንተም እጅህን ትሰጠኝ ነበር። ለጓደኞችህ እንኳ ሳትነግር ስሜን ጠብቀህ ሄድክ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን ከማን ጋር ልጨቃጨቅ?

ቅዳሜ እዚሁ ሐይቅ ከተማ ሰርግ አላቸው፤ እሄዳለሁ። ክንዱ ደህና ነበር፣ ያስቀረሁባችሁ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ቢቀየሙኝም ይቀየሙኝ። ከዚያ ወዲያ ስምህ በተነሳ ቁጥር እንደነበርከው አድርጌ አነሳሃለሁ እንጂ በሽተኛ አላደርግህም። ሰይድዬ፣ አፉ በለኝ። ነግሬያቸው ስጨርስ አንድ ጥግ ቆሜ እስከ መጨረሻው እሰማቸዋለሁ። አንተ ስትጫወት አንድ ቀን እንኳ መጥቼ ሰምቼህ አላውቅም።