ጎርፉ ለአንቺ ስምንት ነበር

ጅጅጋ፣ መጋቢት 13 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሮዛ፣

ፖስታ ሲደርስሽ ደንግጠሽ እንዳይሆን፤ ጤነኛ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እስከ ገበያው በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። ነፋሱ ዘንድሮ በርትቶ የጓሮውን ቆርቆሮ ገንጥሎት ነበር፣ አስመትቼዋለሁ። ጎረቤቶች ሁሉ ይጠይቁሻል።

በስልክ የማንነጋገረው ነገር ኖሮ አይደለም የምጽፍልሽ። ባለፈው እሑድ ስትደውዪልኝ መናገር የነበረብኝን ሳልናገር ስለቀረሁ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ለመጠለያ ጣቢያ ትምህርት ቤቶች የሚሆን ጨዋታ የሚያዘጋጅ ሰው ሊቀጥር እንደሆነ፣ ካመለከቱት አንዷ ከሸደር ካውሰር ሂርሲ የምትባል መሆኗን ነገርሽኝ። «አባዬ፣ ያቺ ዳይስ የምታገላብጠው ካውሰር እኮ ናት» ብለሽ ሳቅሽ። ቀጥለሽም ታማኝነቷ እንደሚያጠራጥርሽ ለኮሚቴው ልትናገሪ መሆኑን ነገርሽኝ። እኔ «እንጃ፣ ብዙ ጊዜ ሆነ» ብዬ ወሬ ቀየርኩ።

ልጄ፣ ካውሰር ዳይስ አላገላበጠችም። ያጭበረበርኩት እኔ ነኝ።

ዐሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር። መገጣጠሚያሽ አብጦ፣ ትኩሳቱ አልለቅ ብሎሽ፣ በመጨረሻ ልብሽን ነው ተባልን። ከትምህርት ቤት ቀርተሽ አልጋ ላይ ስትውዪ ቢጨንቀኝ ያን ጨዋታ ፈጠርኩልሽ። ባቡሩ አዲጋላ ጣቢያ ላይ ተበላሽቶ ይቀራል፤ ተሳፋሪዎቹ በእግር ድሬዳዋ መድረስ አለባቸው። እያንዳንዳችሁ ዐሥር ፍሬ ቦሎቄ ተቀብላችሁ በጉልበት፣ በብልሃትና በአንደበት ላይ እንደ ፈቀዳችሁ ታካፍላላችሁ። እኔ መንገዱን እተርካለሁ፤ ጎርፍ ሲመጣ፣ ጅብ ሲመጣ፣ ኬላ ሲያጋጥም ምን እንደምታደርጉ ትነግሩኛላችሁ። ከዚያ ከሉዶ የወሰድነው ዳይስ ይጣላል። የወጣው በቦሎቄው ላይ ይደመርና ቁጥሩ ከሞላ ታልፋላችሁ፣ ካልሞላ ትወድቃላችሁ።

ካውሰር ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ ትመጣ ነበር። ሌሎቹ ጓደኞችሽ በሽታው ይተላለፋል ብለው ሲቀሩ እሷ ብቻ አልቀረችም። ይህን ረስተሽው ከሆነ አስታውሺ።

አንቺ ሁልጊዜ ቦሎቄሽን ጉልበት ላይ ነበር የምታደርጊው። ከአልጋ መውረድ ያቃታት ልጅ ጎርፍ በደረቷ ልትሰነጥቅ። ካውሰር ግን ስምንቱን አንደበት ላይ አደረገች። ከጅብ በቀር በንግግር የማታልፈው ነገር አልነበረም፤ ኬላ ጠባቂውን፣ ሽፍታውን፣ በጎርፍ የሚያሻግራትን ግመል ነጂ እያግባባች አንቺ ግማሽ መንገድ ሳትደርሺ ድሬዳዋ ትገባለች። ጥፋቱ የጨዋታው ነው፣ ማለትም የእኔ። የሒሳብ መምህር ሆኜ ሦስቱ ችሎታዎች እኩል እንዳይደሉ አላየሁም። ካየሁ በኋላስ? ሕጉን ለሁለታችሁም በግልጽ ማስተካከል ነበረብኝ። እኔ ግን ዳይሱን ካቆምኩት ደብተር ጀርባ፣ እኔ ብቻ በማየው ቦታ እንድትጥሉ አደረግሁ። የሚያስፈልገውን ቁጥር የምናገረው የወጣውን ካየሁ በኋላ ሆነ። የአንቺ ድምር ስምንት ሲሆን «ስምንት ይበቃል» እላለሁ። የእሷ ዘጠኝ ሲሆን «ዐሥር ነበር የሚፈለገው»።

ለምን እንዳደረግሁት ልንገርሽ፤ ሰበብ እንዲሆነኝ ግን አይደለም። ሐኪሙ በር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ይህች ልጅ ዐሥራ አምስት ዓመት ላይሞላት ይችላል ብሎኝ ነበር። ለእናትሽም አልነገርኳትም። ስትወድቂ ማየት አልቻልኩም፣ በቦሎቄም ቢሆን።

አንድ ቀን ካውሰር ደብተር ይዛ መጣች። አባቷ ሂርሲ በቶጎ ውጫሌ መንገድ የጭነት መኪና የሚነዳው፣ ከጉዞ ተመልሶ ሊወስዳት በራችን ላይ ቆሟል። እሷ ደብተሩን ገልጣ፣ «መምህር፣ ጎርፉ ለሮዛ ስምንት ነው። ለእኔ ዐሥር ነው። ሃያ ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ክስ አልነበረም። እኔ ግን በአንቺ ፊት፣ በአባቷ ፊት፣ ፊቴ እሳት ሆነ።

«የምትጽፊው ዳይሱን ስታገላብጪ እንዳይታወቅብሽ ነው» አልኳት።

ሂርሲ ወደ ውስጥ ገባ። «መምህር፣ በዓይንህ አይተሃል?» አለኝ። ሰውየው ያከብረኝ ነበር፤ ቃሌን ሊቀበል ተዘጋጅቶ ነው የጠየቀኝ።

«አይቻለሁ» አልኩት።

የልጁን እጅ ያዘና ወጣ። እሷ አላለቀሰችም፤ ደብተሩን ግን ወለሉ ላይ ትታው ሄደች። ያለቀስሽው አንቺ ነሽ። «እውነት አታላኛለች?» ብለሽ ስትጠይቂኝ አዎ አልኩሽ። እናትሽ ብርቄ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ማድ ቤት ጠርታ «ጫኔ፣ እውነት አየህ?» አለችኝ። ለእሷም አየሁ አልኳት። አንድ ውሸት ሦስት ሰው ፊት።

ከዚያ በኋላ ካውሰር ቤታችን አልመጣችም። ሂርሲም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታውን አሳጠረ። አንቺ አዲስ አበባ አክስትሽ ዘንድ ሄደሽ ታከምሽ፣ በየወሩ መርፌሽን እየተወጋሽ አደግሽ፣ ሐኪሙንም አሳፈርሽው። ሰው ሲያታልልሽ ግን «እንደ ካውሰር» ማለት ለመድሽ። እሰማለሁ፣ ዝም እላለሁ። ዐሥራ ሰባት ዓመት።

ማክሰኞ ዕለት በሚኒባስ ሸደር ሄድኩ። መጠለያው አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ገና ከበሩ «መምህር ጫኔ!» ብላ ተነሣች፤ ወንበር አመጣች፣ ሻሂ በወተት አስመጣችልኝ። ተማሪዎቿ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የራሷን ጨዋታ በሶማልኛ ሲጫወቱ አየሁ። እሷ ጎን ለጎን እየተረጎመችልኝ ነበር። ናስትሆ የምትባል ተማሪ ዳይሱን በእጇ እንደያዘች አልጥልም አለች፤ መጀመሪያ ቁጥሩ ይነገረኝ ነው የምትለው። ካውሰር «ሰባት» አለቻት። ከዚያ ተጣለ፣ ሁሉም እያየ። ሲደመር አምስት ሆነ፣ ልጅቷ ወደቀች፣ ሣቀችም።

አንድ ሌላ ሕግ አየሁ። በአንድ ችሎታ ያለፈ ሰው የሚቀጥለውን መሰናክል በዚያው ችሎታ ማለፍ አይችልም። ባለ አንደበቱ ጉልበትም ብልሃትም ያስፈልገዋል፤ ጓደኛውም ያስፈልገዋል። እኔ በዚያን ጊዜ ያጣሁት መፍትሔ ይኸው ነበር። ከየት አመጣሽው ብዬ ጠየቅኳት።

«ከእርስዎ ጨዋታ ነው» አለች። «ችግሩ አንደበቱ ነበር። እኔ ሁልጊዜ ሳሸንፍ ሮዛ እንደምታዝን አውቃለሁ፤ እርስዎም ቁጥሩን የሚቀያይሩት ለዚያ እንደሆነ ገብቶኛል። ስለዚህ አንድ ሳምንት አስቤ ይህን ሕግ አገኘሁ። ያን ቀን ደብተሩን ያመጣሁት እሱን ላሳይዎት ነው። በሚቀጥለው ገጽ ላይ ጽፌው ነበር።»

ገጹን እኔ አልገለጥኩትም፣ ሮዛ። ደብተሩን በዚያው ሳምንት አቃጥዬዋለሁ።

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት የወጣው «አባትሽ ደህና ናቸው?» የሚል ነበር። ሦስት ዓመት ሆነው አለችኝ፤ አርፏል። ልጁን አታላይ ያልኩበት ሰው እውነቱን ከእኔ ሳይሰማ ሞቷል። ሻሂዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። እስከ ሚኒባሱ ሸኘችኝ፣ «ሮዛን ሰላም በሉልኝ» አለችኝ። እዚያም ቆሜ አልነገርኳትም። ሽማግሌ ሆኜም ያው ፈሪ ነኝ።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። አንዱ ለአንቺ ነው፤ አንዱን ቅዳሜ ራሴ ሸደር ወስጄ በእጇ እሰጣታለሁ፣ አንብባ እስክትጨርስም ፊቷ እቀመጣለሁ።

ከአንቺም የወሰድኩት አለ። ድሬዳዋ ከገባሽባቸው ቀናት ውስጥ በራስሽ የገባሽው በየትኛው እንደሆነ ለይቼ ልነግርሽ አልችልም። በራስሽ የገባሽበትም ሳይኖር አይቀርም፣ ብርቱ ልጅ ነበርሽ። ግን እኔ አበላሸሁትና ማወቂያው ጠፋ።

እንድትቀጥሯት አልለምንሽም፤ እሱ የእናንተ ሥራ ነው። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ግን ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቢላቸው። የአባቴን ስም እሸፍናለሁ ብለሽ አንድም መስመር እንዳታልፊ።

ልብሽን ያቆመልሽ አምላክ ዕድሜሽን ያርዝምልሽ። እኔን ለመጥላት ብትቸኩዪ አልከፋም፤ መድኃኒትሽን ግን ተቆጥተሽም ቢሆን እንዳታቋርጪ። ስልክ እስክትደውዪ አልጠብቅም፣ ወይም እጠብቃለሁ፣ አላውቅም።

አባትሽ
ጫኔ ቀናው
ሂርሲ ፊት «አይቻለሁ» ያለው